ትርፍ የሚባለው የውሻ ጣት፦ ይውጣ ወይስ ይቆይ?

ውሻው የፊት እግሩን ሲልስ ቆይቷል። ጠጋ ብላችሁ ፀጉሩን ገለጥ ስታደርጉት መሬት ከሚረግጡት ጣቶች ከፍ ብሎ፣ በእግሩ የውስጥ ጎን ያለው ጥፍር ተሰንጥቋል። ሥሩ ቀልቷል፤ ዙሪያው ላይ ደም ደርቋል። ባለፈውም ምንጣፍ ውስጥ ተሰክቶ እንዲሁ ሆኖ ነበር። ይኼኔ «ለምን ጨርሰን አናስወጣውም?» የሚል ሐሳብ ይመጣል።

ሐሳቡ መጥፎ አይደለም። ችግሩ ብዙ ጊዜ ውሳኔው ከምርመራው በፊት ማለቁ ነው። ስሙ ራሱ ያሳስታል። ስድስት ጣት እንዳለው ሰው «ትርፍ ጣት» ሲባል ሰምተን፣ ቢወጣ ምንም የማይጎድል ነገር ይመስለናል። ለአንዳንድ ውሾች እውነት ነው። ለአብዛኞቹ ግን ይህ ጣት ትርፍ ሳይሆን አምስተኛው ጣት ነው፤ ያውም አውራ ጣት።

አውራ ጣቱ ምን ይሠራል?

ውሻ ቆሞ ሲራመድ ክብደቱን የሚሸከሙት አራት ጣቶች ናቸው። አምስተኛው መሬት አይነካም። በፊት እግር ላይ ያለው ግን እንደኛ አውራ ጣት የራሱ አጥንቶች አሉት፤ መገጣጠሚያ አለው፤ ከክንድ ወርደው የሚያንቀሳቅሱት ጅማቶች አሉት። ጡንቻ የሚያዘው ጣት ደግሞ የሆነ ሥራ አለው ማለት ነው።

ሥራውን ለማየት ለውሻው የሚያኝከው ነገር ሰጥቶ ቁጭ ብሎ መመልከት ይበቃል። ተኝቶ በሁለት የፊት እግሮቹ መሃል ይይዘዋል። ሲገለብጠው፣ ሲያሾለው፣ ሲያመልጠው መልሶ ሲይዘው አውራ ጣቶቹ ከግራና ከቀኝ ጫን ይላሉ። እኛ በቆሎ ይዘን ስንበላ የምናደርገውን ያህል ባይሆንም የዚያው ዘመድ ነው።

ትልቁ ሥራው ግን ሩጫ ላይ ነው። ውሻ በሙሉ ኃይሉ ሲጋልብ የፊት እግሩ አንጓ እስከ መሬት ድረስ ይተኛል። ያን ጊዜ በቆመበት ተንጠልጥሎ ያየነው ጥፍር መሬት ይነካል። ውሻው በድንገት ሲታጠፍ ደግሞ መሬቱን ቧጥጦ ይይዝና እግሩ እንዳይጠመዘዝ ያግዛል። በስፖርተኛ ውሾች ሕክምና የታወቁት የእንስሳት ሐኪም ክሪስቲን ዚንክ የፊት አውራ ጣት ያለ በቂ ምክንያት እንዳይወጣ ለዓመታት ሲሟገቱ የቆዩት በዚህ ምክንያት ነው። በ2018 በአሜሪካ የእንስሳት ሐኪሞች ማኅበር መጽሔት የወጣ የዳሰሳ ጥናትም በመሰናክል ሩጫ የሚወዳደሩ ውሾችን ተመልክቶ፣ የፊት አውራ ጣት የሌላቸው ሌሎቹን ጣቶቻቸውን የመጎዳት ዕድላቸው ከፍ ብሎ አግኝቶታል። ጥናቱ ከባለቤቶች መልስ የተሰበሰበ ስለሆነ ነገሩን ቆርጦ አይደመድመውም። ቢሆንም «ምንም አይሠራም» የሚለውን አባባል ያነቃንቀዋል።

የኋላ እግር ሌላ ታሪክ ነው። አብዛኞቹ ውሾች እዚያ አውራ ጣት የላቸውም። ያላቸውም ቢሆኑ ብዙውን ጊዜ አጥንት የሌለው፣ በቆዳ ብቻ የተንጠለጠለ ነው። በሁለት ጣት ያዝ አድርጎ ቀስ ብሎ ማወዛወዝ ነው። እንደ ጉትቻ ወዲያ ወዲህ የሚል ከሆነ ከሥሩ የሚያያዘው መገጣጠሚያ የለም። ትርፍ የሚለው ስም በትክክል የሚገባው ለዚህ ነው። ነገር ላይ የመሰካት ዕድሉም ይበዛል።

እዚህም ላይ ግን ልዩ የሆኑ አሉ። ቦሴሮን፣ ብሪያርድና ታላቁ ፒሬኒስ የሚባሉት ዝርያዎች በእያንዳንዱ የኋላ እግራቸው ሁለት ሁለት አውራ ጣት ይዘው ይወለዳሉ፤ የዝርያው መለኪያም ይህንኑ ይጠይቃል። በኖርዌይ ገደላ ገደል የባሕር ወፍ ለማደን ይረባ የነበረው ሉንደሁንድ ደግሞ በእያንዳንዱ እግሩ ቢያንስ ስድስት ጣት አለው። እነዚህን ለዝርያ ውድድር የሚያቀርብ ሰው ጣቱን ካስወጣ ውሻውን ከመድረኩም አስወጣው ማለት ነው።

ጣጣው ከየት ይመጣል?

ሌሎቹ ጥፍሮች አስፋልትና ድንጋይ ላይ ሲሄዱ በራሳቸው ይሞረዳሉ። ይህኛው አይሞረድም። ካልተቆረጠ ያድጋል፤ ይታጠፋል፤ እንደ ቀለበት ዞሮ ተመልሶ ሥጋ ውስጥ ይገባል። ፀጉራቸው ረዘም ያለ ውሾች ላይ ይህ ሁሉ ተሸፋፍኖ ይቆያል። ባለቤቱ የሚያውቀው ውሻው ማነከስ ሲጀምር ወይም ሽታ ሲመጣ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ጥፍሩ ለመጨረሻ ጊዜ መቼ ተቆረጠ?» ነው። ትንሽ ያሳፍራል፤ ግን ሐኪሙም መጠየቁ አይቀርም። በየዓመቱ ሁለቴ የሚሰነጠቅ ጥፍር ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ የረዘመ ጥፍር ነው። በየሁለት ወይም በየሦስት ሳምንቱ ጫፉን ቆረጥ ማድረግ ከቀዶ ሕክምና ሊያድነው ይችላል። ጥፍሩ ውስጥ ደም ሥርና ነርቭ ያለበት ክፍል አለ። ነጭ ጥፍር ላይ ሮዝ ሆኖ ይታያል፤ ጥቁር ላይ አይታይም። ስለዚህ ጥቁሩን በአንዴ ሳይሆን በስሱ በስሱ መሸራረፍ ነው። አልፎ ከደማ ዱቄት ወይም ስታርች ነካ አድርጎ ጫን ብሎ መያዝ ያቆመዋል።

ጥፍሩ ተገንጥሎ ቢንጠለጠልስ? ያምማል፤ በጣም ያምማል። ንጹሕ ጨርቅ ወይም ፋሻ አድርጎ ለአሥር ደቂቃ ያህል ሳይለቁ መጫን፣ ከዚያ ሐኪም ጋር መውሰድ። የሰው ማስታገሻ ግን አይሰጠው። አይቡፕሮፌን ውሻን ሊገድል ይችላል፤ ፓራሲታሞልም በመጠን ካልተወሰነ ጉበቱን ይጎዳል። ሐኪሙ ብዙውን ጊዜ የሚያደርገው የተሰበረውን ጥፍር ነቅሎ ማሰር ነው። ሥሩ ካልተበላሸ ጥፍሩ በወራት ውስጥ መልሶ ያድጋል። ጥፍር ማውጣትና ጣት ማውጣት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ልብ በሉ። አንድ ጊዜ ስለተሰበረ ጥፍር ጣት አይቆረጥም።

ከጥፍር አያያዝ ጋር የማይገናኙም ችግሮች አሉ። የጥፍሩ ሥር በባክቴሪያ ተይዞ ያብጣል፤ መግል ይይዛል። በመድኃኒት ይድናል፣ ከዚያ ደግሞ ይመለሳል። ብዙ ጥፍሮች በአንድ ሰሞን የሚላቀቁና የሚወድቁ ከሆነ ጉዳዩ የዚህ ጣት አይደለም። የውሻው የመከላከያ አቅም የራሱን ጥፍር የሚያጠቃበት ሕመም ሊሆን ይችላልና አንዱን ጣት ማውጣት ከንቱ ድካም ነው።

አንዱ ጣት ብቻ አብጦ በመድኃኒት አልመለስ ሲል ግን ነገሩ ይለወጣል። በተለይ ዕድሜው በገፋ ውሻ ላይ። የጥፍር ሥር ካንሰር ከተራ ኢንፌክሽን ጋር እጅግ ይመሳሰላል፤ ጥቁር ፀጉር ያላቸው ትልልቅ ውሾች፣ ለምሳሌ ጃይንት ሽናውዘርና ስታንዳርድ ፑድል፣ ይበልጥ ይጋለጡለታል። እዚህ ላይ ራጅ ተነሥቶ አጥንቱ መበላቱ ይታያል፤ ናሙናም ለምርመራ ይላካል። ካንሰር ከሆነ «ይውጣ ወይስ ይቆይ?» የሚባል ክርክር የለም።

«ሳይቃጠል በቅጠል» የሚሉት

ገና ምንም ሳይሆን፣ ቡችላ ሳለ ይውጣ የሚሉ አርቢዎች ብዙ ናቸው። ሥራው የሚሠራው በተወለደ ከሦስት እስከ አምስት ቀን ባለው ጊዜ ነው። ብዙ ጊዜም ያለ ሙሉ ማደንዘዣ። በእንግሊዝ ሕግ ቡችላው ዓይኑን ከመግለጡ በፊት ከሆነ ዕድሜው 18 የሞላው ሰው ሐኪም ሳይሆንም ሊያደርገው ይችላል። ዓይኑን ከገለጠ በኋላ ግን የሐኪም ሥራ ነው። ቡችላ ሕመም አይሰማውም የሚለው የድሮ እምነት ዛሬ ተቀባይነት የለውም።

የእኔ አስተያየት ይህ ነው። በቆዳ ብቻ ለተንጠለጠለ የኋላ ጣት ክርክራቸው ያስኬዳል። ለፊተኛው ጣት ግን አያስኬድም። ምናልባት አንድ ቀን ይሰበራል ብሎ ጤነኛ መገጣጠሚያ ማውጣት ቅጠሉን ከእሳቱ ማስበለጥ ነው።

የአዋቂ ውሻ ሚዛን ሌላ ነው። በደንብ እየተቆረጠም በተደጋጋሚ የሚገነጠል፣ መድኃኒት ተወስዶም እየተመለሰ የሚመግል፣ መገጣጠሚያው ተሰብሮ በጠማማ የገጠመ ወይም እጢ ያወጣ ጣት ቢወጣ ውሻው እፎይ ይላል። የላላ የኋላ ጣት ደግሞ ነገር ላይ እየተሰካ ካስቸገረ፣ ውሻው ለማምከኛ ወይም ለሌላ ነገር በሚደነዝዝበት ቀን አብሮ ቢወጣ ይመረጣል። አንድ ማደንዘዣ ለሁለት ሥራ።

ማደንዘዣው ብዙ ሰው የሚፈራው ክፍል ነው። በ2008 የታተመ የብሪታንያ ትልቅ ጥናት 98 ሺህ ያህል ውሾችን ተከታትሎ ነበር። ጤነኛ ከነበሩት ውስጥ ከማደንዘዣ ጋር በተያያዘ የሞቱት 0.05 በመቶ ገደማ ናቸው። ከታመሙት 1.33 በመቶ። ልዩነቱ ሰፊ ነው፤ ስለዚህ ልቡ ወይም ኩላሊቱ የደከመ ሽማግሌ ውሻ ለተራ ጥፍር ጉዳይ ባይደነዝዝ ይሻላል።

ቀዶ ሕክምናውና ከዚያ በኋላ

ከኋላ እግር ላይ በቆዳ የተያዘውን ማውጣት ቀላል ነው። ቆዳው ይቆረጣል፤ ደም ሥሩ ይታሰራል፤ ይሰፋል። የፊተኛው ግን ጣት ቆረጣ ነው፤ በለሰለሰ ስም ባይጠራ ጥሩ ነው። ሐኪሙ በጣቱ ዙሪያ ቆዳውን ቀዶ ጅማቶቹን ይቆርጣል፣ ደም ሥሮቹን ያስራል፣ አጥንቱን ከመገጣጠሚያው ላይ ያላቅቃል። ከዚያ ቆዳውን ደርቦ ይሰፋዋል። የጥፍሩ ማብቀያ በትንሹም ቢሆን ከቀረ ጠማማ ጥፍር መልሶ ሊበቅል ይችላል።

ከባዱ ክፍል ቤት ውስጥ ያለው ነው። ውሻ ስፌት አይቶ ዝም አይልም። ይልሳል፤ ይነክሳል፤ ክሩን ይበጥሳል። አንገቱ ላይ የሚጠለቀው የፕላስቲክ ማገጃ ለዚህ ነው። ከበር ጋር እየተጋጨ፣ የውኃ ሳህኑን እየገለበጠ ሲያሳዝናችሁ «ለአንድ ሌሊት ላውልቅለት» ያሰኛል። በማግሥቱ የተከፈተ ቁስል ይዞ ወደ ሐኪም የሚመለስ ውሻ ብዙ ጊዜ ያ ሌሊት የተፈቀደለት ነው።

ፋሻውም የራሱ ጣጣ አለው። ከጠበቀ ከሥሩ ያሉት ጣቶች ያብጣሉ፤ ይቀዘቅዛሉ። በቀን ሁለት ጊዜ ሁለቱን መሃለኛ ጣቶች ማየት ነው። ተራርቀው ከተበለጠጡ ፋሻው ጠብቋል፤ እስከ ቀጠሮው መጠበቅ የለም። ከረጠበም ወይም ከሸተተም እንደዚያው። ክሩ ከአሥር እስከ አሥራ አራት ቀን ባለው ጊዜ ይወጣል። እስከዚያ ሩጫ፣ ዝላይና ደረጃ ላይ መሯሯጥ የለም፤ በገመድ ወጥቶ ሽንቱን ሸንቶ መመለስ ብቻ።

ሐኪሙን ሳትጠይቁት ከማትወጡት ነገር አንዱ ጣቱ ወዴት እንደሚሄድ ነው። በእጢ ወይም በማይድን እብጠት ምክንያት የወጣ ጣት ቆሻሻ ውስጥ አይጣልም፤ ወደ ላቦራቶሪ ይላካል። ምን እንደነበረና ሙሉ በሙሉ መውጣቱን የሚናገረው ያ ምርመራ ነው።

ሌላኛው እግርስ? የግራው ስለወጣ ለተመሳሳይነት ብለው የቀኙንም እንዲያወጡላቸው የሚጠይቁ አሉ። ውሻው መስታወት አያይም። ጤነኛው ይቆይ። ግን ትኩረቱ ሁሉ ወደ አንዱ እግር በሆነበት በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ማንም አያስታውሰውም። ክሩ በሚወጣበት ቀን ሐኪሙ መቀሱን እንደያዘ የጤነኛውንም ጥፍር ጫፉን ቆረጥ ያድርግላችሁ።