የጓሮ ድንብላል፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ድንብላል ከድሬዳዋም ሆነ ከሐረር ማእድ ቤት የሚጠፋ አይደለም፤ ፍሬው ከቅመማ ቅመም ጋር ይፈጫል፣ ቅጠሉም ከቃሪያና ከነጭ ሽንኩርት ጋር ተወቅጦ በስባስ የሚባለው የሚያቃጥል ማባያ ይሆናል። በጓሮ ግን ብዙ ሰው አንድ ጊዜ ሞክሮት የሚተወው ተክል ነው። ለዚህም አፈሩ ወይም ዘሩ ቢወቀስም፣ በእኔ ግምት ጥፋቱ በአብዛኛው ጎረቤት ለጎረቤት ከሚቀባበለው ምክር ነው።

«ቅጠሉና ቅመሙ ሁለት የተለያዩ ተክሎች ናቸው»

አንድ ተክል ናቸው። የቅጠሉን ዘር ፍለጋ ከሱቅ ሱቅ የሚንከራተት ሰው ዘሩን በቤቱ የቅመም ዕቃ ውስጥ ያገኘዋል።

«ከገበያ የተገዛ ቅመም አይበቅልም»

በድሬዳዋው ቀፊራ ገበያ ከቅመም ሻጮች የሚገዛው ድንብላል ካልታመሰና ብዙ ካልቆየ በደንብ ይበቅላል። የሚያጠራጥር ከሆነ አሥር ፍሬ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ በጥላ ቦታ ማቆየት ነው፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ግማሹ እንኳን ካልጎነቆለ ዘሩ ለወጥ ይሁን። ይሁንና የቅመም ድንብላል ለፍሬው ሲባል ሲመረጥ የኖረ በመሆኑ፣ ለቅጠል ተብለው ከተመረጡት ዝርያዎች ይልቅ ወደ አበባ ሊቸኩል እንደሚችል አስቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል።

«አንዱ ፍሬ አንድ ዘር ነው»

አንዱን ፍሬ በመዳፍ ይዞ በጥፍር ጫን ቢሉት ለሁለት ይከካል፤ በእያንዳንዱ ክክ ውስጥ ደግሞ አንድ ሙሉ ዘር አለ። የሽምብራ ክክ ቢዘሩት አይበቅልም፣ የድንብላል ክክ ግን ይበቅላል፤ ምክንያቱም የሽምብራው ክክ የአንድ ዘር ግማሽ ሲሆን የድንብላሉ ክክ ራሱን የቻለ ዘር ነው። ፍሬውን በትሪ ላይ አፍስሶ ጠርሙስ በላዩ እየገፉ በስሱ መዳመጥ ይበቃል፤ አጥብቆ የተጫነ ሰው ዘሩን ያደቀዋል። ከዚያ አንድ ሌሊት በውሃ ዘፍዝፎ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ላይ መዝራትና አፈሩን እርጥብ አድርጎ መጠበቅ ነው። ቡቃያው አብዛኛውን ጊዜ ከ7 እስከ 14 ቀን ይፈጅበታል፣ አንዳንዴም ሦስት ሳምንት ይደርሳል፤ በአምስተኛው ቀን «ሞተ» ብሎ መቆፈር የተለመደ ስህተት ነው።

«እንደ ቲማቲም ችግኝ አፍልቶ ማዛወር ይሻላል»

ድንብላል ቀጥ ብሎ ወደ ታች የሚወርድ ዋና ሥር አለው፤ ይህ ሥር ሲነካ ተክሉ ይጠወልጋል ወይም ያለጊዜው ያብባል። ስለዚህ በሚያድግበት ቦታ መዝራት ይመረጣል። መሬት የሌለው ሰው ቢያንስ 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው፣ ከታች የተበሳ ጀሪካን ይበቃዋል።

«ውሃ ካልጎደለበት የድሬዳዋን ሙቀት ይችላል»

ብዙውን ሰው ተስፋ የሚያስቆርጠው ይህ ነው። ድንብላል ሙቀት ሲበረታበት ዕድሜውን አሳጥሮ ዘር ለማፍራት ይጣደፋል፤ ሰፋፊዎቹ ቅጠሎች ቀርተው እንደ እንስላል የቀጠኑ ቅጠሎች ይወጣሉ፣ ግንዱ ይረዝማል፣ አበባው ይከተላል። ውሃ ማነስ ይህን ያፋጥነዋል፣ ውሃ መብዛት ግን አይከለክለውም። ይባስ ብሎ በውጭ አገር የዘር ፓኬት ላይ የተጻፈውን «በመጋቢትና በሚያዝያ ይዘራ» የሚለውን መመሪያ ተከትሎ የሚዘራ አለ። መመሪያው የተጻፈው ክረምቱ በረዶ ለሆነበት አገር ነው። በድሬዳዋ ሚያዝያ ላይ የተዘራ ድንብላል ቅጠሉ የሚለቀምበት ጊዜ ከግንቦትና ከሰኔ ሙቀት ጋር ይጋጠማል፤ በእነዚህ ወራት የቀኑ ሙቀት 35 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ይደርሳል።

ከዚህ ተነስቶ «ድሬዳዋ ቆላ ስለሆነች ድንብላል አይሆንባትም» ማለትም ስህተት ነው። ከጥቅምት መገባደጃ እስከ ጥር የሚዘራው፣ በተለይ የጠዋት ፀሐይ አግኝቶ ከሰዓት በኋላ ግድግዳ ወይም ዛፍ የሚያጠላበት፣ ለብዙ ሳምንታት ቅጠል ይሰጣል። የደንገጎን ዳገት ወጥቶ ሐረር የሚደርስ ሰው ደግሞ ሌላ አየር ያገኛል፤ ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ሐረር ከ1,800 ሜትር በላይ ናት። በመካከላቸው ያለው መንገድ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ቢሆንም የሐረር ዘሪ በዓመቱ ውስጥ የሚመቹት ወራት ይበዙለታል፤ እሱን ይልቅ የሚያሰጋው በክረምት ውሃ የሚተኛበት መደብ ነው። በሁለቱም ከተማ ሁሉንም ዘር በአንድ ቀን ከመጨረስ ይልቅ በየሁለትና በየሦስት ሳምንቱ ጥቂት ጥቂት መዝራት ይሻላል፣ አንዱ ሲያብብ ሌላው ለቅጠል ይደርሳልና።

«ማዳበሪያ በበዛ ቁጥር ጥሩ ቅጠል ይገኛል»

ቅጠሉ ይበዛል፣ መዓዛው ግን ይቀንሳል። ከመዝራት በፊት የበሰበሰ እበት ወይም ኮምፖስት መቀላቀል በቂ ነው።

«ካበበ ዋጋ የለውም፣ ይነቀል»

ያበበ ድንብላል ለቅጠል ባይሆንም ንብና ሌሎች ጠቃሚ ነፍሳትን ይስባል፣ ቀጥሎም ፍሬ ይይዛል። አረንጓዴው ፍሬ ክፉኛ ስለሚሸት (ትኋን ትኋን የሚሸተው አለ) ተበላሸ ብለው የሚጥሉት አሉ፤ ሽታው ግን ፍሬው እየበሰለና እየደረቀ ሲሄድ ጠፍቶ የምናውቀው ጣፋጭ መዓዛ ይተካል። አብዛኛው ፍሬ ወደ ቡናማ ሲለወጥ፣ ይህም ከተዘራ ከሦስት እስከ አራት ወር ባለው ጊዜ ይሆናል፣ ግንዱን በጠዋት ቆርጦ በወረቀት ከረጢት ውስጥ ዘቅዝቆ መስቀል ነው፤ የሚረግፈው ከረጢቱ ውስጥ ይቀራል። ከእሱ ጥቂቱን ሳያምሱ ለቀጣዩ ጥቅምት ማስቀመጥ ይቻላል።