የልደት ትምህርት በሕፃናት ክፍል፦ ከስብከት እስከ ገና

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሕፃናት የልደትን ምሥጢር በዋናነት የሚማሩት በአጥቢያቸው ሰንበት ትምህርት ቤት ነው። መምህሩ አዲስ ዕቅድ መፍጠር አያስፈልገውም፤ ቤተ ክርስቲያን ራሷ ከገና በፊት ያሉትን ሦስት ሳምንታት ስብከት (ከታኅሣሥ 7)፣ ብርሃን (ከ14) እና ኖላዊ (ከ21) ብላ ሰይማለታለች። በስብከት የነቢያት ተስፋ ይነገራል፤ ለልጆች ኢሳይያስ 7፥14 እና ሚክያስ 5፥2 ይበቃሉ። በብርሃን ሳምንት መስኮት ተዘግቶ አንድ ጧፍ ይበራል፤ የሚይዘው መምህሩ ብቻ ነው። ኖላዊ እረኛ ማለት ስለሆነ ከዮሐንስ 10 ተነሥቶ ወደ ቤተልሔም እረኞች ይሻገራል። ሁሉንም በዋዜማው አንድ ቀን ማጨቅ ከንቱ ድካም ነው፤ ያን ጊዜ የልጆች ልብ አዲሱ ልብስና ዶሮ ወጡ ላይ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው የሁለቱ ልደታት፣ ማለትም ጌታ ከዓለም በፊት ከአብ፣ በኋላም ከድንግል ማርያም የመወለዱ ትምህርት ነው። ልጅ «የጌታ ልደት» ሲባል ከራሱ ልደት ጋር አስተያይቶ «ስንት ዓመት ሞላው?» ይላል። ኬክና ሻማ ማቅረብ ይህንኑ ያጸናል፤ ጌታ በቤተልሔም መኖር የጀመረ ይመስለዋል። ስለዚህ ከ4 እስከ 6 ዓመት ላሉት «እግዚአብሔር ስለወደደን ሰው ሆነ» ማለት ይበቃል። ከ7 ዓመት በላይ የሆኑት «ቅድመ ዓለም ከአብ ያለ እናት፣ ድኅረ ዓለም ከድንግል ማርያም ያለ አባት» የሚለውን በቃላቸው ይያዙ፤ ዮሐንስ 1፥1 እና 1፥14 አብረው ይነበቡላቸው።

ተውኔት ሲዘጋጅ ሰብአ ሰገልን ከእረኞች ጋር በአንድ ሌሊት ግርግም ላይ ማቆም የተለመደ ስሕተት ነው። ማቴዎስ ወደ ቤት እንደገቡ ይናገራል፤ ስጦታዎቹን ሦስት ቢቆጥርም የሰዎቹን ቁጥር አልጻፈም። በሬና አህያም በሉቃስ የሉም፣ ከኢሳይያስ 1፥3 የመጡ ናቸው። ዕጣኑና ከርቤው ከገበያ ተገዝተው ቢሸተቱ ከወረቀት ሥዕል ይልቅ ያስተምራሉ፦ ወርቅ ለንግሥናው፣ ዕጣን ለክህነቱ፣ ከርቤ ለሞቱ። ወቅቱ ጾመ ነቢያት ስለሆነ ለሽልማት ቆሎ እንጂ የወተት ብስኩት አይታደልም።

በአሜሪካና በአውሮፓ ያሉ ልጆች ዲሴምበር 25ንና ጃንዋሪ 7ን አይተው ሁለት ልደት እንዳለ ይጠይቃሉ። ልዩነቱ የዘመን አቆጣጠር እንጂ የተወለደው አንዱ ክርስቶስ መሆኑ ይነገራቸው። ከ10 ዓመት በላይ ላሉት በየአራት ዓመቱ በሚመጣው ዘመነ ዮሐንስ ገና በታኅሣሥ 29 ፈንታ ታኅሣሥ 28 የሚውለው ያለፈው ጳጉሜን 6 ቀን ስለነበረ መሆኑ ቢብራራላቸው ይረዱታል።