የወጥ ቤት ማቴሪያል፣ ቀለምና ማስጌጫ ስንመርጥ የሚያሳስቱን አመለካከቶች እና እውነታው

ወጥ ቤት ከቤቱ ክፍሎች ሁሉ ይበልጥ ውሃ፣ እሳት፣ ዘይትና አሲድ የሚፈራረቁበት ክፍል ነው። ይሁን እንጂ የካቢኔቱ እንጨት፣ በላዩ የሚነጠፈው ድንጋይና የግድግዳው ቀለም አብዛኛውን ጊዜ የሚመረጡት ሥራ በሌለበት ቦታ፣ ማለትም በመደብር መብራት ሥር ወይም በስልክ ላይ በሚታይ ፎቶግራፍ ነው። ከዚህ በታች የማነሣቸው የተሳሳቱ አመለካከቶች በአብዛኛው ከዚሁ የመነጩ ይመስሉኛል።

«የተፈጥሮ ድንጋይ ከሆነ ምንም አይበግረውም»

ግራናይትና እብነ በረድ ጎን ለጎን ቆመው ሲታዩ ልዩነታቸው የመልክ ብቻ ይመስላል። ግራናይት ከቀለጠ አለት ቀስ በቀስ ቀዝቅዞ የተፈጠረ ሲሆን በአብዛኛው ኳርትዝና ፌልድስፓር በተባሉ ጠንካራ ማዕድናት የተሞላ ነው፤ እብነ በረድ ግን በአመዛኙ ካልሲየም ካርቦኔት ነው። ከ1 እስከ 10 በሚደርሰው የሞስ የጥንካሬ መለኪያ እብነ በረድ 3 አካባቢ ሲሆን ግራናይት ከ6 እስከ 7 ይደርሳል።

ለወጥ ቤት ከጥንካሬው ይልቅ የሚያሳስበው ካልሲየም ካርቦኔት በአሲድ መሟሟቱ ነው። በተወለወለ እብነ በረድ ላይ ለሁለት የተቆረጠ ሎሚ ተደፍቶ ቢያድር፣ ጠዋት ከላይ ሆኖ ለሚያየው ምንም የተለወጠ ነገር ላይኖር ይችላል። ጎንበስ ብሎ ገጹን ከመስኮቱ በሚገባው ብርሃን አንጻር የተመለከተው ሰው ግን ማብረቅረቁን ያጣ፣ በጣት ሲዳሰስም ሻከር የሚል ክብ ያገኛል። ይህን ክብ በሳሙና ቢያሹት አይለቅም፤ ምክንያቱም ድንጋዩ ራሱ በስሱ ተበልቷልና የሚመለሰው እንደገና ሲወለወል ብቻ ነው። ብዙ ሻጮች «ማሸጊያ ከተቀባ ችግር የለውም» ይላሉ፤ ማሸጊያው ግን ዘይትና ቀለም ወደ ውስጥ እንዳይሰርግ ያዘገያል እንጂ አሲዱ ገጹን እንዳይበላ አያደርግም። እብነ በረድን የወደደ ሰው ይተወው አልልም። ያልተወለወለውን ደብዛዛ ገጽ ቢመርጥ ምልክቱ ያን ያህል ጎልቶ አይታይም፤ ከሎሚና ከኮምጣጤ በሚርቅ ጥግ ላይ ቢያነጥፈው ደግሞ የተሻለ ይሆናል።

ግራናይትም ቢሆን ጥቃቅን ቀዳዳዎች ስላሉት አንዳንዱ ዓይነት ማሸጊያ ያስፈልገዋል። ለማወቅ ጥቂት ውሃ ጠብ አድርጎ ሩብ ሰዓት ያህል መጠበቅ ይበቃል፤ ውሃው ሲጠረግ ቦታው ጠቁሮ ከተገኘ ድንጋዩ እየጠጣ ነው ማለት ነው።

«ኳርትዝም ድንጋይ ስለሆነ ትኩስ ድስት ይችላል»

በገበያ ኳርትዝ እየተባለ የሚሸጠው ንጣፍ ከአለት ተቆርጦ የሚወጣ አይደለም፤ ወደ 90 በመቶ የሚሆን የተፈጨ ኳርትዝ በሙጫ መሰል ሰው ሠራሽ ማጣበቂያና በቀለም ተለውሶ በፋብሪካ የሚጋገር ነው። አሲድና እድፍን በሚገባ የሚቋቋመው በዚህ ምክንያት ሲሆን፣ ሙቀትን የሚፈራውም በዚሁ ምክንያት ነው። ማጣበቂያው 150 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ መጎዳት ሊጀምር ይችላል፤ ከምድጃ የወረደ መጥበሻ ደግሞ በቀላሉ ከ200 ዲግሪ ያልፋል። የድስት ማስቀመጫ ሁልጊዜ በአጠገቡ ሊኖር ይገባል።

እግረ መንገዴን ገዢዎች እምብዛም የማያነሡትን አንድ ነገር ልጥቀስ። ይህ ንጣፍ ያለ ውሃ ሲቆረጥ የሚነሣው ብናኝ የቆራጮቹን ሳንባ ሲሊኮሲስ ለተባለ የማይድን በሽታ ይዳርጋል፤ አውስትራሊያ ይህን ንጣፍ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2024 ጀምሮ የከለከለችው በዚህ ምክንያት ነው። ተገጥሞ ካለቀ በኋላ ለቤተሰቡ ስጋት አይሆንም፤ ሆኖም ባለሙያው በውሃ እያረጠበና ተገቢውን መከላከያ አድርጎ እንደሚቆርጥ መጠየቅ የማንኛውም ገዢ ኃላፊነት ነው ብዬ አምናለሁ።

«ጠባብ ወጥ ቤት ነጭ ካልተቀባ ይጨልማል፤ ይጠባልም»

ነጭ ቀለም ብርሃንን አብዝቶ መመለሱ እውነት ነው። ክፍልን የሚያጠብበው ግን የቀለሙ መጥቆር ብቻ ሳይሆን ዐይን በየደረጃው የሚገጥመው መቆራረጥ ጭምር ነው፤ ጥቁር ወለል፣ ነጭ ካቢኔት፣ ደማቅ ሴራሚክ፣ እንደገና ሌላ ቀለም ያለው የላይኛው ካቢኔት በአንድ ጠባብ ክፍል ሲደራረቡ እያንዳንዱ ድንበር ሆኖ ይታያል። ካቢኔቱና ግድግዳው ተቀራራቢ ቀለም ሲይዙ፣ ቀለሙ መካከለኛ ድምቀት ያለው አረንጓዴ ወይም ግራጫ ቢሆን እንኳ፣ ድንበሩ ይደበዝዛል፤ ክፍሉም ይረጋጋል።

እ.ኤ.አ. በ1926 ማርጋሬተ ሹተ-ሊሆትስኪ የተባለችው የቪየና ተወላጅ አርክቴክት ለፍራንክፈርት ከተማ አዳዲስ መኖሪያዎች የነደፈችው ዝነኛ ወጥ ቤት ስፋቱ ወደ 1.9 በ3.4 ሜትር ብቻ ነበር። ካቢኔቶቹ ግን ነጭ አልነበሩም፤ ዝንብ ሰማያዊ ላይ አያርፍም የሚል እምነት ስለነበር ብዙዎቹ በሰማያዊ ተቀቡ። የዝንቡ ነገር ይቆየንና፣ ያ ወጥ ቤት ዛሬም የሚደነቀው በጥበቱ ውስጥ ሁሉም ነገር በእጅ ርቀት ላይ በመቀመጡ ነው።

ጨለማን በተመለከተ፣ ከላይኛው ካቢኔት ሥር የተገጠመ አንድ መስመር መብራት ከሁለት ባልዲ ነጭ ቀለም የበለጠ ይሠራል። በጣራ መካከል ያለው አምፖል ከሚከትፈው ሰው ጀርባ ስለሚሆን፣ ጥላው የሚያርፈው በመክተፊያው ላይ ነው።

«ቀለሙን በመደብር ካየሁት ይበቃኛል»

በአንድ ብርሃን ፍጹም የተመሳሰሉ ሁለት ቀለሞች በሌላ ብርሃን ሊለያዩ ይችላሉ። የብርሃን ቀለም በሚለካበት ኬልቪን 2700 የሆነ አምፖል ሁሉንም ነገር ወደ ቢጫ ሲያዘነብል፣ 4000 ኬልቪን የሆነው ነጣ ያለ ብርሃን ይሰጣል፤ በመደብር ሞቅ ያለ መስሎ የታየ ግራጫ ቤት ሲገባ ወይን ጠጅ መስሎ የሚያስደነግጠው ለዚህ ነው። ከወረቀት ገጽ የማያንስ ካርቶን ሁለት ጊዜ ቀብቶ፣ በቁሙ ከወለሉ ሴራሚክ አጠገብ አስደግፎ፣ ጠዋት፣ ቀትር ላይና ማታ መብራት በርቶ መመልከት ያስፈልጋል። ማታ የሚታየውን መልክ ችላ ማለት አይገባም፤ ብዙ ቤተሰብ ወጥ ቤቱን የሚያየው ማታ ነውና። አምፖል ሲገዛም የቀለም ማሳያ መጠኑ (CRI የሚባለው) 90 እና ከዚያ በላይ የሆነውን መምረጥ የምግቡንም የግድግዳውንም እውነተኛ መልክ ያሳያል።

«ጥሩ ካቢኔት ሙሉ በሙሉ ከጣውላ የተሠራ ነው»

ጣውላ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ሰፊ የጣውላ በር የሚጣመመውና ቀለሙ በመጋጠሚያው ላይ የሚሰነጠቀው ለዚህ ነው። ከደቀቀ እንጨት ተጨምቆ የሚሠራው ኤምዲኤፍ እምብዛም ስለማይንቀሳቀስ ለሚቀባ በር ይመረጣል፤ ጠርዙ ክፍት ሆኖ ውሃ ካገኘው ግን አብጦ አይመለስም። ከማጠቢያው ገንዳ ሥር ላለው ሣጥን ኮምፔንሳቶ ይሻላል። ሲገዙ ከበሩ ፊት ይልቅ ጠርዙን፣ በተለይም የታችኛውን ጠርዝ፣ በጣት ዳስሶ መታሸጉን ማረጋገጥ ብዙ ወጪ ያድናል።

«ስቴንለስ ስቲል አይዝግም»

ቢያንስ 10.5 በመቶ ክሮሚየም ስላለበት በስስ መከላከያ ይሸፈናል እንጂ ፈጽሞ አይዝግም ማለት አይቻልም። በረኪና ሳይታጠብ ቢቆይበት ጥቃቅን የዝገት ጉድጓዶች ያወጣበታል።

«ክፍት መደርደሪያ ሁልጊዜ ያምራል»

በፎቶግራፍ ያምራል። በሚሠራበት ወጥ ቤት ግን ከመጥበሻ የሚነሣው የዘይት ጭስ በሳህኖቹ ላይ ያርፋል፣ አቧራም ይይዝበታል፤ ከምድጃው አጠገብ ባለ መደርደሪያ ላይ ለሁለት ሳምንት ያልተነካ ብርጭቆ ሲነሣ ጣት ላይ ይጣበቃል። ስለዚህ በክፍት መደርደሪያ ላይ የሚቀመጠው በየዕለቱ ወጥቶ የሚታጠበው ኩባያና ሳህን ቢሆን፣ ለዓመት በዓል ብቻ የሚወጣው ጌጠኛ ዕቃ ደግሞ በር ባለው ካቢኔት ቢገባ ይመረጣል፤ ብዙ ሰው ግን የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው።