የመኪና ኤሲ ጋዝ በቤት መሙላት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ኤሲ ከፍተን ሞቅ ያለ አየር ሲመጣ አብዛኞቻችን «ጋዝ ጨርሷል» ብለን የጋዝ ቆርቆሮ ልንገዛ እንሄዳለን። በቤት መሙላት የሚቻል ሥራ ነው። ግን ሰው ሲሰማው በኖረው ነገር ተመርቶ ደህናውን ኮምፕሬሰር ሲያቃጥል ማየት ያሳዝነኛል።

«ጋዙ ያልቃል፤ በየዓመቱ መሞላት አለበት»

የኤሲ ጋዝ እንደ ነዳጅ አይቃጠልም። ኮምፕሬሰሩ ይጨምቀዋል፣ ኮንዴንሰሩ ውስጥ ሙቀቱን ጥሎ ፈሳሽ ይሆናል፣ ከዳሽቦርዱ ኋላ ባለው ኢቫፖሬተር እንደገና ተንኖ የመኪናውን ሙቀት ይወስዳል፤ ከዚያም ያው ጋዝ ተመልሶ ይዞራል። በጎማ ቱቦዎቹና በማሸጊያዎቹ በኩል በዓመታት ውስጥ ጥቂት መቀነሱ ያለ ነው። ዘንድሮ ተሞልቶ ዘንድሮ ከጠፋ ግን የሆነ ቦታ ያፈስሳል ማለት ነው።

የሚያፈስሰውን ቦታ ለማግኘት ዓይንና የሳሙና አረፋ ብዙ ይረዳሉ። የኮምፕሬሰሩ ዘይት ከጋዙ ጋር አብሮ ስለሚዞር፣ ጋዝ በሚወጣበት ሁሉ ዘይትም ይወጣል፤ አቧራም ይለጠፍበታል። በሁለት ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ የተሞላ የጎረቤቴን መኪና ኮፈኑን ከፍተን ስናይ፣ ኮንዴንሰሩ ታችኛው ጥግ ላይ ሳንቲም የምታህል ጥቁር ቅባት ነበረች። አረፋ ስንቀባባት እየተነፋች ትፈነዳለች። ጠጠር የመታት ቦታ ናት። ሁለቱም ቆርቆሮ የወጣው በእሷ ነው።

«የማይቀዘቅዝ ከሆነ ጋዝ አንሶታል»

አንዱ ምክንያት እንጂ ብቸኛው አይደለም። የኮንዴንሰሩ ፋን ካልዞረ፣ የኮንዴንሰሩ ፊት በጭቃና በነፍሳት ከተደፈነ፣ ፊውዝ ከተቃጠለ ወይም የውስጡ አየር ፊልተር ከታፈነ ጋዙ ሙሉ ሆኖም አይቀዘቅዝም። ቆሞ የሚሞቅ፣ ሲነዳ ግን የሚቀዘቅዝ ኤሲ ካላችሁ መጀመሪያ ፋኑን ተመልከቱ።

«የቆርቆሮው ግፊት መለኪያ (ጌጅ) አረንጓዴው ላይ ከደረሰ ልክ ነው»

ብዙ ጉዳት የማየው በዚህ ነው። ቡታ ጋዝ አስቡ፦ ሲሊንደሩ ውስጥ ፈሳሽ እስካለ ድረስ ግማሽም ሆነ ሙሉ ግፊቱ ያው ነው፤ መጠኑን ለማወቅ የግድ ይመዘናል። ኤሲም እንዲሁ ነው። አር-134ኤ የተባለው ጋዝ በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ሞተር ጠፍቶ፣ 5.6 ባር አካባቢ ያሳያል፤ ውስጡ 300 ግራም ይኑር 600 ግራም ከዚህ ቁጥር አይታወቅም። ሞተሩ ሲሠራም ንባቡ በአየሩ ሙቀት፣ በኮምፕሬሰሩ ፍጥነትና በፋኑ ይለዋወጣል። ያውም የቆርቆሮው ጌጅ የሚያነብበው ዝቅተኛውን ግፊት ብቻ ነው።

ትክክለኛው መለኪያ ክብደት ነው። ኮፈኑ ሥር የተለጠፈው ጽሑፍ የጋዙን ዓይነትና መጠን በግራም ይናገራል። ችግሩ፣ አሁን ውስጡ ስንት እንደቀረ ከውጭ ማወቅ አይቻልም። ስለዚህ እርግጠኛው መንገድ የቀረውን በማሽን አውጥቶ፣ መዝኖ እንደገና መሙላት ነው።

«ትንሽ ቢበዛ የበለጠ ይቀዘቅዛል»

ተቃራኒው ነው። ሲበዛ ኮንዴንሰሩ በፈሳሽ ይሞላና ሙቀት የሚጥልበት ቦታ ያጣል፤ ግፊቱ ይጨምራል፣ ቅዝቃዜው ይቀንሳል። ፈሳሽ ወደ ኮምፕሬሰሩ ከገባ ደግሞ ሊሰብረው ይችላል፤ ፈሳሽ አይጨመቅምና።

«ባዶ ከሆነ መሙላት ብቻ ነው»

ባዶ የሆነ መስመር አየርና እርጥበት ገብቶበታል። እርጥበቱ ከጋዙና ከዘይቱ ጋር አሲድ ይሠራል፤ ጋዙን ወደ ኢቫፖሬተሩ በምታስገባው ጠባብ ቫልቭ ላይም በረዶ ሆኖ መንገድ ይዘጋል። ስለዚህ የሚያፈስሰው ቦታ ከተጠገነ በኋላ በቫኪዩም ፓምፕ አየሩ ይወጣል። ግፊቱ በጣም ሲወርድ ውሃው በቀዝቃዛ ቀን እንኳን ፈልቶ ይወጣል፤ ፓምፑ ሲጠፋም ቫኪዩሙ ሳይወርድ መቆየት አለበት። ይህን መዝለል ሥራውን ሁሉ ያበላሻል።

«ጋዝ ሁሉ ያው ነው»

አይደለም። የድሮው የኤሲ ጋዝ አር-12 የኦዞን ሽፋንን ስለሚጎዳ እ.ኤ.አ. በ1987 በተፈረመው የሞንትሪያል ፕሮቶኮል መሠረት ቀረ፤ አር-134ኤ ተካው። ብዙዎቹ አዳዲስ መኪኖች የሚጠቀሙት አር-1234ዋይኤፍ ነው። ጋዞቹ አይቀላቀሉም። የማብሰያ ጋዝ መሙላትማ ተቀጣጣይ ነገር ሰው ወደተቀመጠበት ክፍል መስደድ ነው። የሚያፈስሰውን ቦታ የሚደፍን ፈሳሽ ያለበትን ቆርቆሮም አልመክርም፤ ቫልቩንና የጋራዡን ማሽን ሊደፍን ይችላል። ሃይብሪድና የኤሌክትሪክ መኪና ካላችሁ ቆርቆሮውን ተዉት፦ ኮምፕሬሰራቸው በከፍተኛ ቮልቴጅ ይሠራል፣ የተሳሳተ ዘይት ከገባም ኤሌክትሪክ ያሳልፋል።

«ጋዝ ነው፤ ምን ያደርጋል?»

አር-134ኤ የሚፈላው ከዜሮ በታች 26 ዲግሪ ላይ ነው። ቆዳ ላይ ቢረጭ በቅጽበት በብርድ ያደርቃል፣ ዓይንን ይጎዳል። ጓንትና መነጽር አድርጉ፤ ውጭ ሥሩ። ቆርቆሮ የሚገጠመው ሲሠራ በሚቀዘቅዘው በወፍራሙ ቱቦ ላይ ብቻ ነው። በሚሞቀው ቀጭኑ ላይ ቢገጠም ግፊቱ ወደ ቆርቆሮው ተመልሶ ሊያፈነዳው ይችላል። አየር ላይ መልቀቅም ነውር ነው፦ ምድርን በማሞቅ አንድ ኪሎው ከአንድ ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ1,000 እጥፍ በላይ ይበልጣል።

«መኪናው ሥር የሚንጠባጠበው ጋዝ ነው»

ውሃ ነው። ኢቫፖሬተሩ ከአየሩ ያወጣው እርጥበት ነውና አትደንግጡ። ውጭ መንጠባጠቡ ቀርቶ የመኪናው ምንጣፍ ከረጠበ ግን የውሃ መውረጃው ቱቦ ተደፍኗልና አስጠርጉት።