ዓሊ ቢራ፦ የድሬዳዋው ድምፃዊና ዑድ ተጫዋች

ዓሊ ቢራ (ዓሊ መሐመድ ሙሳ፣ 1939–2015 ዓ.ም.) በአፋን ኦሮሞ ዘመናዊ ሙዚቃ ስሙ ከማንም ቀድሞ የሚነሳ ድምፃዊ፣ የዜማና የግጥም ደራሲ ነበር። በአማርኛ፣ በሐረሪና በሶማሊኛም ዘፍኗል። ዑድ የተባለውን ባለ ክር የዐረብ መሣሪያና ጊታር ይጫወት ነበር።

የተወለደው ድሬዳዋ ውስጥ ገንደ ቆሬ በተባለው ሰፈር ነው። ድሬዳዋ የተቆረቆረችው ከጅቡቲ የተነሳው የባቡር ሐዲድ ወደ ሐረር ተራራ መውጣት አቅቶት በ1895 ዓ.ም. እግሩ ሥር ሲቆም ነው። ሐዲዱ ኦሮሞውን፣ ሶማሌውን፣ ሐረሪውን፣ አማራውን፣ የመናዊውን፣ ሕንዱን፣ ግሪኩንና አርመኑን በአንድ ገበያ አገናኘ። በከተማዋ መጋላ ሠፈር አንድ ነጋዴ ለሦስት ደንበኞች በሦስት ቋንቋ መመለሱ ለድሬ ልጅ ብርቅ አይደለም። ዓሊ በልጅነቱ በዐረብ ትምህርት ቤት ዐረብኛ ተማረ፤ የኋላ ዜማዎቹን የሚያዳምጥ ሰው የከተማዋን ጆሮ በቀላሉ ይለየዋል።

በ1950ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ የድሬዳዋ ወጣቶች በሠርግና በዒድ በመሣሪያ የሚያጅቡት ዘፈን በአብዛኛው የዐረብ፣ የሱዳን፣ የሶማሌ ወይም የአማርኛ ነበር። አፋን ኦሮሞ ግን በሕዝቡ አፍ እንጂ በትምህርት ቤትና በመንግሥት መሥሪያ ቤት ስፍራ አልነበረውም። አፍረን ቀሎ የተባለው የሙዚቃ ቡድን የተነሳው ይህን ለመለወጥ ነው። ስያሜው በሐረርጌ የሚገኙትን አራቱን የቀሎ ኦሮሞ ጎሳዎች ይጠራል። በዚያው ዘመን ሂሪያ ጃለላና ኡርጂ በከልቻ የተባሉ ቡድኖችም ነበሩ፤ የትኛው ቀድሞ እንደተመሠረተና ማን ከማን እንደወጣ ግን የዘመኑ ሰዎች የሚሉት አንድ አይደለም። አባላቱ በአብዛኛው ወጣቶች ሲሆኑ፣ መሣሪያና አዳራሽ የሚገኘው ከነጋዴውና ከሠፈሩ ሰው በሚሰበሰብ መዋጮ ነበር። የሠርጉ ዳስ መድረካቸው፣ የሠርገኛው ጭብጨባ ደግሞ የድካማቸው ዋጋ ነበር ማለት ይቻላል።

ዓሊ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ ወደ አፍረን ቀሎ ገባ። በመጀመሪያ የዘፈነው «ቢራ ዳ በሪኤ» የተባለውን ሲሆን፣ ሕዝቡ በዘፈኑ ስም «ዓሊ ቢራ» ብሎ ጠራው፤ የአባቱ ስም ከዚያ በኋላ በመዝገብ ላይ ብቻ ቀረ። ከቡድኑ ጋር የሚነሳው ሌላው ታላቅ ድምፃዊ ዓሊ ሸቦ ነው። ቡድኑ ብዙም አልቆየም። የንጉሡ መንግሥት በአፋን ኦሮሞ መዝፈን ፖለቲካ ነው ብሎ ስለጠረጠረ፣ በ1957 ዓ.ም. ገደማ እንቅስቃሴው ታፈነ፤ አባላቱም ተበተኑ። ፖለቲካ ነበር ወይስ ዘፈን ብቻ በሚለው ዛሬም ክርክር አለ፤ አንድ ሕዝብ በገዛ ቋንቋው ሠርጉን እንዳይደግስ ሲከለከል ግን ሁለቱን መለየት አስቸጋሪ ነው።

ከዚያ ዓሊ አዲስ አበባ ሄዶ በክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ተቀጠረ። እዚያ የነሐስ መሣሪያዎችን አጃቢነትና የትልቅ መድረክን ሥርዓት አወቀ። በ1963 ዓ.ም. ያስቀረጸው ሥራ በአፋን ኦሮሞ የመጀመሪያው አልበም እንደሆነ በስፋት ይነገራል። በደርግ ዘመን ከአገር ወጥቶ በስዊድን፣ በሳዑዲ ዓረቢያ፣ በአሜሪካና በካናዳ ኖሯል።

የዓሊን ሙዚቃ ለመረዳት ዑዱን ማየት ይጠቅማል። ዑድ ሆዱ የጎበጠ፣ አንገቱ አጭር መሣሪያ ነው። በጊታር አንገት ላይ ያሉት የብረት መስመሮች የሉትምና ጣት ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው ሳይቆራረጥ ይንሸራተታል። ዐረቦች በዚህ ነፃነት ሰባት ድምፅ ባላቸው ስልቶች መካከል ረቂቅ ድምፆችን ያወጡበታል። ሱዳኖች ግን ይህንኑ መሣሪያ ለአምስት ድምፅ ዜማ አዋሉት፤ የኦሮሞ ባህላዊ ዜማም በአብዛኛው አምስት ድምፅ ስለሆነ ዓሊ ከካርቱም ሙዚቃ ጋር ለመዋሐድ ብዙ አልተቸገረም። ስለዚህ አንዳንዶች «የሱዳን ግልባጭ» ማለታቸው ችኮላ ነው። ድምፁን ሳያስጨንቅ፣ እያወጋ እንዳለ ሰው መዝፈኑ ከሐረርጌ ገጠር የመጣ ነው። የፍቅር ዘፈኑን ስለ አገር፣ የአገሩንም ስለ ፍቅር አድርጎ መስማት ለአድማጩ የተተወ ነበር። በሳንሱር ዘመን ይህ ጥበብ ብቻ ሳይሆን መከላከያም ነበር።

በ2002 ዓ.ም. ጅማ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሰጠው። ጥቅምት 27 ቀን 2015 ዓ.ም. አዳማ ውስጥ በሕክምና ላይ ሳለ አረፈ፤ የተቀበረውም በትውልድ ከተማው በድሬዳዋ ነው። «ኢትዮፒክስ» የተባለው የፈረንሳይ የሲዲ ተከታታይ 28ኛ ቅጹን ለእሱ ሥራዎች ሰጥቷል። በዚያ ተከታታይ ውስጥ ከሚሰሙት ዘፈኖች ብዙዎቹ በአማርኛ በመሆናቸው፣ አፋን ኦሮሞ ይህን ያህል ሰፊ ቦታ ያገኘው በዚህ ቅጽ ነው።