በሲ ቋንቋ ጊዜው የማይለዋወጥ የማኅደረ ትውስታ ንጽጽር

ጊዜው የማይለዋወጥ ንጽጽር ሁለት የማኅደረ ትውስታ ክፍሎች እኩል መሆናቸውን ሲያጣራ፣ ልዩነቱ የትኛውም ባይት ላይ ቢገኝ እኩል ጊዜ የሚወስድ የፕሮግራም አጻጻፍ ነው። በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ ቂሊንጦ ላይ ሲ ስናስተምር «ሳያቋርጡ ማወዳደር» እንለዋለን፤ ስሙ ለሥራው ይበልጥ ይቀርባል።

ችግሩ የሚነሣው ሁለት የማኅደረ ትውስታ ክፍሎችን ከሚያወዳድረው መደበኛ የሲ ተግባር፣ ከሜምሲኤምፒ (memcmp) ነው። ይህ ተግባር የሚለያይ ባይት እንዳገኘ ሊመለስ ይችላል፤ ስለዚህ መጀመሪያው ትክክል የሆነ ግምት በጥቂቱ ይዘገያል። ባለ16 ባይት ማረጋገጫን (መልእክት እንዳልተነካካ የሚያሳይ ኮድ) በጭፍን መገመት ባለ39 አሃዝ ቁጥር የሚያህል ሙከራ ይጠይቃል። መዘግየቱን እየለካ ባይት በባይት ለሚሄድ ሰው ግን ቢበዛ 16 ጊዜ 256፣ ማለትም 4,096 ግምት ይበቃዋል። የጨዋታ መሣሪያው ኤክስቦክስ 360 እ.ኤ.አ. በ2007 በዚሁ ቀዳዳ ተጠቅቷል። ጊዜን በመለካት ሚስጥር ማውጣት እንደሚቻል የምስጠራ ባለሙያው ፖል ኮቸር እ.ኤ.አ. በ1996 አሳይቶ ነበር።

መፍትሔው ከአሥር መስመር አይበልጥም። እያንዳንዱ የባይት ጥንድ በኤክስኦር (ቢቶቹ ሲለያዩ 1፣ ሲመሳሰሉ 0 በሚሰጥ ስሌት) ይነጻጸራል፤ ውጤቱ በኦር (አንዴ የገባን 1 በማያጠፋ ስሌት) አንድ ተለዋዋጭ ላይ ይጠራቀማል፤ ዑደቱ መሃል ላይ ሳይወጣ እስከ መጨረሻው ይሄዳል። በስተመጨረሻ ተለዋዋጩ ዜሮ ከሆነ ሁለቱ እኩል ናቸው። የሚደበቀው ይዘቱ እንጂ ርዝመቱ አይደለም።

አስቸጋሪው ኮምፓይለሩ፣ ማለትም የሲን ጽሑፍ ወደ ማሽን ትእዛዝ የሚለውጠው ፕሮግራም ነው። የሲ ደረጃ ስለ ጊዜ ቃል ስለማይገባ፣ ውጤቱ እስካልተለወጠ ድረስ ኮምፓይለሩ ዑደቱን ማሳጠር ይችላል። ኮምፓይለሩ ንባብና ጽሕፈትን እንዳይዘል የሚያዘው ቮላታይል የሚለው ቃል ይረዳል፤ አስተማማኙ ግን የወጣውን አሴምብሊ (የማሽኑን ትእዛዞች በጽሑፍ) በዓይን ማንበብ ነው፤ ተማሪዎቻችንም ይህን ሳያደርጉ ሥራቸውን አያስረክቡም። ኦፕንቢኤስዲ የተባለው ስርዓተ ክወና ከ4.9 እትሙ ጀምሮ ታይሚንግሴፍ ቢሲኤምፒ የተባለ እንዲህ ያለ ተግባር ይዟል፤ የምስጠራ ቤተ መጻሕፍቱ ኦፕንኤስኤስኤልና የሊኑክስ ከርነልም የየራሳቸው አላቸው። መደበኛው የሲ ቤተ መጻሕፍት በሲ23 እንኳ አላካተተውም።

ልዩነቱ በአውታር በኩል ይለካል ወይ የሚለው ያከራክራል። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት በኢንተርኔት ከ15 እስከ 100 ማይክሮሰከንድ፣ በአካባቢ አውታር ደግሞ 100 ናኖሰከንድ ብቻ የሆነ ልዩነት እንኳ መለየት እንደሚቻል ገልጿል። ዘመናዊ ሜምሲኤምፒ ብዙ ባይት በአንዴ ስለሚያነብ አንዳንዶች ስጋቱ ተጋንኗል ይላሉ፤ በትናንሽ መሣሪያዎች ላይ ግን ይህ ክርክር አይሠራም።

እኛ ለትምህርት የምንለካው በእጅ በጻፍነው ቀላል ዑደት ነው፤ የባይቱ ልዩነት የሚታየው በዚያ ላይ ነውና። መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ ወደ ባትሪ ይዞራል፤ ፕሮሰሰሩ ፍጥነቱን ስለሚቀንስ የያዝነው ሠንጠረዥ ይበላሻል። ያን ጊዜ አጥፍተን ከመጀመሪያው ባይት እንለካለን።