«25 ኪሎ ይሸከማል» ማለት ምን ማለት ነው?

ሰሞኑን አንድ ልጅ ሳይክሉን እየገፋ መጣ። ከኋላ ያለው የዕቃ መጫኛ፣ አንዳንዱ ፖርቶ መጋላ የሚለው፣ በአንድ ጎኑ ወልቆ ጎማው ላይ ተንጋዷል። ከዘጌ መልስ ነው። «25 ኪሎ ይሸከማል ተብሎ ተጽፎበታል እኮ! የጫንኩት 22 ነው» አለኝ። ልክ ነው፣ ተጽፎበታል። ግን ይቺን ቁጥር ሰው ሁሉ እንዳሻው ሲተረጉማት መስማት ስለሰለቸኝ ነው የምጽፈው።

25 ኪሎ ጣሪያው ነው። መጫኛው በትክክል ከታሰረ፣ ብሎኖቹ ከጠበቁ፣ ጭነቱ ካልተወዛወዘ ነው እሱም። ቦርሳዎቹ ራሳቸው ይቆጠራሉ፤ ጠንካራ የሆነ ጥንድ የጎን ቦርሳ ባዶውን 2 ኪሎ ገደማ ይመጣል። ደግሞ ቁጥሩ የመጫኛው እንጂ የሳይክሉ አይደለም። ስለ ቸርኬው፣ ስለ ፍሬሙ፣ መጫኛውን ስለያዘችው ትንሽ ብሎን የሚለው ነገር የለም።

የጣናን ታንኳ አስቡ። ጠዋት ሐይቁ ረጭ ሲል እንጨት ተቆልሎባት ስትሄድ ምንም አይመስላትም። ያንኑ ጭነት ከሰዓት ንፋስ ሲነሳ ይዛችሁ ውጡ። እንጨቱ አንድ ፍልጥ አልተጨመረበትም፣ ግን ማዕበሉ አንስቶ ሲጥላት ሌላ ጭነት ነው። መጫኛም እንደዚያው። 15 ኪሎ ዕቃ ጉድጓድ ውስጥ ዘጭ ሲል ለቅጽበት የ30 ኪሎ ያህል ሊጎትት ይችላል። ታንኳ ደግሞ ደንገል ናት፣ ቀስ በቀስ ውሃ ትጠጣለች፣ አምና የቻለችውን ዘንድሮ አትችልም። ብረት ውሃ አይጠጣም እርግጥ (ምሳሌዬን ለጠጥኳት፣ ይሁን) ግን ይደክማል። ሽቦ ወዲያ ወዲህ ስታጥፉት በመጨረሻ በጣት እንደሚበጠሰው ማለት ነው። በነገራችን ላይ ጥሩ አምራቾች መጫኛውን እያንቀጠቀጡም ይፈትሹታል። የእነሱ መንቀጥቀጥ ግን የኛን ኮረኮንች አያክልም።

የልጁን የተበጠሰ ብሎን አውጥቼ አሳየሁት። ስብራቱ ሁለት መልክ አለው። ግማሹ ጠቁሯል፣ ዝገት ጀምሮታል። ግማሹ እንደ አዲስ ሳንቲም ያበራል። የጠቆረው ከተሰነጠቀ ሰንብቷል፤ ያን ቀን የተበጠሰው የሚያበራው ብቻ ነው። ብሎኑ ላልቶ ነበር፣ ሲላላ መጫኛው መወዛወዝ ጀመረ፣ መጫኛው ሲወዛወዝ ብሎኑን እያጠፈ እያቃና በላው። ስለዚህ 22ም ሆነ 18 ቢጭን መበጠሱ አይቀርም ነበር፣ ምናልባት ትንሽ ቢቆይ ነው።

ይህን ስናወራ አጠገባችን የቆመ ሰውዬ ጣልቃ ገባ። «እኔ ባለ 65 ኪሎ ጓደኛዬን ከኋላ ጭኜ ባሕር ዳርን ስዞር ነው ያደግኩት፣ ምን ሆነ?» ምንም አልሆነም። መጀመሪያ ነገር የድሮው ሳይክል መጫኛ ወፍራም ብረት ነበር። ሁለተኛ፣ ከግሽ ዓባይ ሰፈር እስከ ገበያ ስንት ደቂቃ ነው? ሦስተኛ፣ ጓደኛህ ጉድጓድ ሲያይ መቀመጫውን ብድግ ያደርጋል። የሽሮ ዱቄት ብድግ አይልም። እና ለዕቃ የተጻፈ ቁጥር ለሰው አይሠራም፣ ልጅ የሚጭን ሰው የልጅ መቀመጫ ይፈልግ።

ታዲያ በትንሽ ብር ምን ይገዛ? የኔ ምርጫ የብረት ነው። አሉሚኒየም ይቀላል፣ ግን መንገድ ላይ ቢሰነጠቅ በያጅ ሁሉ አይበይደውም፣ ብረትን ግን መብራት ያለበት ከተማ ሁሉ ያቃናልሃል። ከታች በሁለት፣ ከላይ በሁለት ቦታ የሚታሰር ይሁን። ከመግዛትህ በፊት ይዘህ ወደ ጎን ግፋው፤ ባዶውን የሚወዛወዝ ከሆነ ተወው። የኮርቻው ቱቦ ላይ ብቻ የሚጣበቀው ዓይነት አብዛኛውን ጊዜ 10 ኪሎ ገደማ ነው የሚችለው፣ እሱም ይዞራል።

ቦርሳ ላይ ጨርቁን አትይ፣ መንጠቆውን እይ። ከታችም የሚይዘው ነገር ከሌለ እየተላተመ መጫኛውን ይፈጀዋል። ፔዳል ስትመታ ተረከዝህ እንዳይነካውም እዚያው ሞክረው። ለዶፍ ዝናብ ዕቃውን በላስቲክ መጠቅለል ይበቃል። «40 ሊትር» የሚለውን ደግሞ ከኪሎ ጋር አታምታታው። 40 ሊትር ልብስ ቀላል ነው፣ 40 ሊትር ውሃ 40 ኪሎ ነው።

25 የተጻፈበትን እኔ በአስፋልት 20፣ በኮረኮንች 15 እጭንበታለሁ። ከባዱን ከታች አደርጋለሁ፣ ሮንደላ (የብሎን ቀለበት) አስገብቼ አጠብቃለሁ፣ በየማታው ብሎኖቹን እነካካለሁ። ልጁን ኋላ ላይ ቦርሳውን ክፈት ብለው፣ ለካ ወደ ዘጌ ሲሄድ 17 ኪሎ ነበር የጫነው። ቀሪው 5 ኪሎ የዘጌ ቡና ነው፣ እናቱ አደራ ያሉት።